የመሸበት እንግዳ እግር

በደባርቅና በዳባት ገጠር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «አሳድሩኝ» ሲል፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ይባላል። ወዲያው ውሃ ይሞቃል። ከቤቱ ልጆች አንዱ ጎንበስ ብሎ የእንግዳውን እግር ያጥባል፤ የተሰነጠቀውን ተረከዝ በእጁ ያሻል፣ በጣቶቹ መካከል የገባውን ጭቃ ያወጣል፣ በመጨረሻም እግሩን ይስማል። ስሙን እንኳ ገና አልጠየቀም።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን አስበው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ያ ሥርዓት በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የገበሬው ቤት ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይፈጽመዋል። እኔ ይህንን ከአምልኮ ለይቼ አላየውም። ጠበል ያልተረጨበት፣ ዕጣን ያልጤሰበት አምልኮ ነው።

በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከነበረችው የጊች መንደር፣ በዚያ ብርድ፣ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ለብ ያለ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አብዛኞቹ የጊች ሰዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ከብቱ ለየብቻ ቢታረድም የእግሩ ውሃ አንድ ነው። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ደባርቆች ሆይ፣ እንግዶቻችሁ አሁን ጎረቤቶቻችሁ ናቸው፤ ውሃው ከምድጃው አይውረድ።