ሥር ማሽ፣ መሠሪ፣ ጠንቋይ፦ «ቂርቄ» የተባለው ልብ ወለድ ከስያሜ አንጻር ሲመረመር

አሜሪካዊቷ ደራሲ ማድሊን ሚለር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት «ቂርቄ» የተባለው ልብ ወለድ የሚጀምረው በስያሜ እጦት ነው። ተራኪዋ የፀሐይ አምላክ የሄልዮስ ልጅ ናት፤ በተወለደች ጊዜ እርሷ ለሆነችው ነገር ገና ስም እንዳልነበረው ትናገራለች። እንደ እናቷና እንደ አክስቶቿ «ኒምፌ» አሏት፤ ቃሉም በእነርሱ ቋንቋ ሴት አምላክን ብቻ ሳይሆን ሙሽራንም እንደሚያመለክት ወዲያው ታስረዳለች። አንድ ልብ ወለድ ገና በመክፈቻው የመዝገበ ቃላት ፍቺ ሲሰጥ የእንዲህ ያለ መጽሔት አንባቢ ጆሮውን ቢያቀና አያስደንቅም። መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያተኩረው ስም አልባ የነበረ ሙያ ስም ሲያገኝ፣ ስሙም ባለሙያዋን ሲያስከስሳት በሚደርሰው ነገር ላይ ነው። ወደ አማርኛ ሊመልሰው የሚያስብ ተርጓሚ የሚፈተነውም በዚሁ ነጥብ ነው ባዮች ነን።

ደራሲዋ ግሪክኛና ላቲን ተምረው ያስተማሩ ናቸው። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት «የአኪሌውስ መዝሙር» የኢልያዳን ታሪክ በጳጥሮቅሎስ አንደበት የሚተርክ ሲሆን በ2012 የኦሬንጅን ሽልማት አግኝቷል። ሁለተኛው መጽሐፋቸው በኦዲሴያ 10ኛ ክፍል የምትገኘውን፣ የኦዲሴውስን ባልደረቦች ወደ እሪያ የምትለውጠውን የኤኤያ ደሴት ነዋሪ ወስዶ ከልደቷ ጀምሮ ሙሉ ሕይወት ይሰጣታል። ግላውቆስንና ስቂላን፣ ዴዳሎስንና የጳሲፋኤን ልጅ፣ ኢያሶንንና ሜዴያን፣ በመጨረሻም ጴኔሎጴንና ጤሌማኮስን አንድ በአንድ ወደ ደጃፏ ያመጣል። እውነቱን ለመናገር ይህ አሰላለፍ በመካከለኛው ክፍል ያሰለቻል፤ ታዋቂ እንግዳ በመጣ ቁጥር አንባቢው «ቀጥሎስ ማን ይሆን?» ከማለት አይቆጠብም። ነገር ግን መጽሐፉ የተሠራበት ጥበብ በእንግዶቹ ብዛት ላይ ሳይሆን በቃላት ላይ ነው።

አስቀድመን ስለ ስሞቹ አጻጻፍ ጥቂት እንበል። ርእሱን ከእንግሊዝኛው አነባበብ ወስዶ «ሰርሲ» ማለት ይቀላል፤ ግሪክኛው ስም ግን በሁለት ካፓ የሚጻፍ ስለሆነ «ሰ» የሚባል ድምፅ በውስጡ የለም። የግእዝ ተርጓሚዎች የግሪክኛን ስሞች ሲቀበሉ የተከተሉት ሥርዓት እስከ ዛሬ በስሞቻችን ውስጥ ይገኛል። «ማርቆስ» በቀ፣ «ዘካርያስ» በከ፣ «ጴጥሮስ» በጰ፣ «ፊልጶስ» መጀመሪያው በፈ ኋላውም በጰ የተጻፉት በዘፈቀደ አይደለም፤ ግሪክኛው በትንፋሽ የሚለያቸውን ድምፆች ግእዝ በጥብቀት ለያቸው። «ጢሞቴዎስ» የሚለው ስም ብቻውን ጠንም ተንም ይዞ ሥርዓቱን ያስረዳል። ሥርዓቱ የማይጠበቅበት ስም አልፎ አልፎ ቢገኝም፣ በዚህ መንገድ ከሄድን ቂርቄ፣ ጴኔሎጴ፣ ጤሌማኮስ፣ ጤሌጎኖስ እንላለን፤ «ቂርቆስ» የሚለውን ስም ለለመደ ጆሮ «ቂርቄ» እንግዳ አይሆንም። ኢያሶን ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ስሙ አስቀድሞ ስለሚገኝ አዲስ ቅርጽ አያስፈልገውም። የቀድሞዎቹን በጭፍን እንከተል ማለታችን ግን አይደለም። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 14 በርናባስ የተጠራበት «ድያ» ዜውስ ነው፤ የግሪክኛው ተሳቢ ቅርጽ እንደ ስም ተወስዶ ቀርቷልና ለልብ ወለድ አይመከርም። በዔዛና የግሪክኛ ጽሑፍ ማሕረም በአሬስ ስም እንደ ተጠራ፣ የሌላውን አምላክ በራስ አምላክ የመተካቱም ዘዴ ለአክሱም ንጉሥ እንጂ ለዛሬ ተርጓሚ የሚበጅ አይመስለንም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንምጣ። በልብ ወለዱ የቂርቄ ወንድም አዬቴስ የእኅቱን ሙያ በስሙ ይጠራዋል፤ «ፋርማቂያ» ይለዋል፣ መሣሪያዎቹም «ፋርማቃ» ናቸው። ነጠላው «ፋርማቆን» በግሪክኛ የሚያድነውንም፣ የሚገድለውንም፣ የሚያፈዝዘውንም ያመለክታል። ሆሜር ራሱ በኦዲሴያ 4ኛ ክፍል ከግብፅ ምድር ስለሚበቅሉት ሲናገር ደጉንና ክፉውን በአንድ ቃል አጣምሮ ይጠራቸዋል። እንግሊዝኛ ለዚህ አንድ ቃል ስለሌለው ደራሲዋ ግሪክኛውን እንዳለ አስገብተው ማብራራት ግድ ሆኖባቸዋል። አማርኛ ግን እዚህ ላይ አይቸገርም። «መድኃኒት» የሚለው ቃላችን ሕመምተኛውን ያድናል፤ «የአይጥ መድኃኒት» ሲባል ይገድላል፤ «መድኃኒት አቀመሰችው» ሲባል ደግሞ ልብ ያስታል። በአንድ በኩል ከመድኃኔ ዓለም ጋር፣ በሌላው በኩል ከመርዝ ጋር የሚጎራበት እንዲህ ያለ ቃል ያለው ተርጓሚ «ፋርማቃ» የሚል ባዕድ ቃል በገጹ ላይ ቢበትን ሀብቱን እንደ መናቅ ይቆጠርበታል።

አስቸጋሪው ባለሙያዋን መሰየሙ ነው። እንግሊዝኛው ለሴት አስማተኛ ያለውን የተለመደ ስም ሲያነብ አማርኛ ተርጓሚ በቅድሚያ የሚመጣለት «ጠንቋይ» ነው። ስሕተት ነው። ጠንቋይ የተሰወረውን የሚናገር፣ መጪውን አውቃለሁ የሚል ነው፤ ቂርቄ ግን መጪውን አታውቅም፣ ትንቢት ሲነገራትም የምትደነግጥ ናት። ከዚህም በላይ ልብ ወለዱ ሙያዋ ከአምላክነት ኃይል የተለየ መሆኑን አጥብቆ ያስረዳል። አምላክ በማሰብ ብቻ የሚፈጽመውን እርሷ ቆፍራ፣ ለቅማ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ ደጋግማ ተሳስታ ነው የምታገኘው። የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች እነዚህ ናቸው፤ ተረቱ ሁሉ ወደ ድካም፣ ወደ ላብና ወደ ጭቃ ይወርዳል። «ጠንቋይ» ስንላት ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ቃል ይጠፋል።

«ቡዳ» የሚለውም ቃል፣ ሰውን ወደ አውሬ ከመለወጥ ጋር የተያያዘ ብሂል ስላለው፣ አንዳንዱን ተርጓሚ ሳያጓጓ አይቀርም። እኛ ግን አጥብቀን እንቃወመዋለን። ይህ ቃል በአገራችን ለዘመናት ሲለጠፍ የኖረው ብረት በሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ በሚሠሩ፣ በሚሸምኑ ባለ እጆች ላይ ነው፤ ዛሬም ሰው የሚያስጠላና የሚያስገልል ቃል ነው። ቂርቄ ዴዳሎስ በሠራላት መሸመኛ የምትሸምን ባለ እጅ መሆኗን ስናስብ ግጥምጥሞሹ የሚያስገርም ቢሆንም፣ የክስ ቃል ሙያን ለመሰየም አይበቃም። ደራሲዋ ሊያነሡ የደከሙበትን ነቀፋ ተርጓሚው መልሶ ይጭንባታል።

ከሥርወ ቃል አንጻር ትክክለኛው አቻ ከግእዝ የሚገኝ ነበር። «ሥራይ» መድኃኒትም አስማትም ነው፤ «መሠርይ» ደግሞ ያንን የሚሠራ፣ ልክ እንደ ግሪክኛው ባለሁለት ፊት የሆነ ቃል ነው። ነገር ግን መሠርይ በአማርኛ «መሠሪ» ሆኖ ከተክሉ ተለየ፤ ዛሬ መሠሪ ማለት ሥር የሚምስ ሳይሆን ተንኮል የሚጎነጉን፣ በሰው መካከል ነገር የሚሸርብ ነው። እዚህ ላይ የሚያስደንቅ መገላበጥ ይታያል። የዛሬው «መሠሪ» ለቂርቄ ሳይሆን ለእንግዳዋ ለኦዲሴውስ የሚስማማ ሆኗል! ሆሜር ኦዲሴውስን «ጶሊጥሮጶስ» ይለዋል፤ ብዙ መንገድ ያለው፣ ብዙ የሚዞር ማለት ነው። ይህ ቅጽል በኦዲሴያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ አንዱ በመጀመሪያው ስንኝ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ መድኃኒቷ ሳይሠራበት በቀረ ጊዜ ማንነቱን ባወቀችው በቂርቄ አፍ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምእት ዓመት ኦዲሴያን ወደ ላቲን የመለሰው ሊቭዮስ አንድሮኒቆስ ወደ ብልጠት የሚያዘነብል ቃል መረጠ፤ ኤምሊ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት እንግሊዝኛ ትርጉም «ውስብስብ» የሚል ሐሳብ ያለው ቃል መርጠዋል። በአማርኛ «ብልኅ» ቢባል ክብሩ ይጠበቃል፣ ጥርጣሬው ግን ይቀራል፤ «ተንኮለኛ» ቢባል ፍርዱ ቸኩሎ ይገባል። ለሆሜር «መላ የማያጣ» የሚለውን እንመርጣለን። ለልብ ወለዱ ኦዲሴውስ ግን አንድ ቃል አይበቃውም፤ ቂርቄ ስትወደው መላ የማያጣ ነው፣ ልጁ ጤሌማኮስ ስለ እርሱ ሲመሰክር መሠሪ ነው። ተርጓሚው ሁለቱን ቃላት ለሁለቱ ተናጋሪዎች ቢያከፋፍል የደራሲዋን ሐሳብ የሚገልጥ ይመስለናል።

የጀግኖቹን አዲስ አቀራረጽ በተመለከተ ከኦዲሴውስ ይልቅ ያሳመነን ጤሌማኮስ ነው። በኦዲሴያ 22ኛ ክፍል አሥራ ሁለት ሴቶች በእርሱ እጅ ተሰቅለው ይሞታሉ፤ ሆሜር በጥቂት ስንኞች ያልፈዋል፤ በልብ ወለዱ ግን ጤሌማኮስ ነገሩን ተሸክሞት ይኖራል። (ተርጓሚው እነዚህን ሴቶች «ገረዶች» ከማለት ይጠንቀቅ፤ በደመወዝ ያደሩ ሳይሆኑ ባሮች ነበሩ።) አማልክቱ ግን በአንጻሩ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ቀርተዋል፦ ከንቱ፣ ጨካኝ፣ ሰነፍ። ከሄልዮስ እስከ ሄርሜስ የባሕርይ ልዩነት እየሳሳ ሲሄድ ቂርቄ ወደ ሟች ሰዎች ማዘንበሏ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ይመስላል፤ ይህም የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ነው። በጎ ጎኑ ደግሞ ሆሜር ለቂርቄ ከሰጣት ቅጽሎች አንዱን፣ የሰው ድምፅ የምትናገር አምላክ መሆኗን የሚገልጸውን፣ ደራሲዋ እንደ ዘር ወስደው መዝራታቸው ነው፤ ዘመዶቿ ድምፅዋን ይጠሉታል፣ መርከበኞች ግን አይሸሹትም። አንድ ቅጽል በትክክል ሲነበብ ምን ያህል ሊያፈራ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላየንም።

ታዲያ ቂርቄን ምን እንበላት? የእኛ ሐሳብ «ሥር ማሽ» ነው። «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» የሚለው አነጋገር የነቀፋ ቃና እንዳለው አንክድም፤ ነገር ግን ነቀፋው ለልብ ወለዱ ያስፈልገዋል፤ ዘመዶቿ በንቀት የሚጠሯት፣ እርሷም በኋላ በኩራት የምትቀበለው ስም መሆን አለበትና። በዚያ ላይ ድካሙን ይዟል፤ መማስ የእጅ ሥራ ነው። ግሪክኛውም ራሱ «ሪዞጦሞስ»፣ ሥር ቆራጭ፣ የሚል ስም ነበረው፤ ሶፎቅሊስ ስለ ሜዴያ የጻፈውና ዛሬ ጥቂት ስንኝ ብቻ የተረፈው ተውኔት ርእሱ «ሥር ቆራጮች» ነበር። «ሥራይ» የሚለውን ግን ሜዴያና ኢያሶን ወደ ደሴቲቱ ለሚመጡበት ምዕራፍ እናቆየው። ሁለቱ የመጡት ከነፍስ ግድያ ርኩሰት ሊነጹ ነው፤ ታሪኩ በአጶሎንዮስ ዘሮዶስ «አርጎናውቲካ» 4ኛ መጽሐፍም ይገኛል። ሥራይ የምታውቅ ሴት ሥርየት ስትሰጥ በአማርኛ ብቻ የሚሰማ ቅኔ ይወጣል። ሠ እና ሰ በብራና ላይ እየተለዋወጡ ስለሚጻፉ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር ይሁኑ ከሁለት የሥርወ ቃል ተመራማሪዎች ይከራከሩበት፤ የአንባቢው ጆሮ ግን ጎን ለጎን ይሰማቸዋል።

ስለ ምግቡና ስለ ተክሉ ሁለት ቃል ጨምረን እናብቃ። በሆሜር ቂርቄ ለመርከበኞቹ የምታቀርበው አይብ፣ የገብስ ዱቄትና ማር በወይን ጠጅ የተበጠበጠበት ነው፤ «መጠጥ» ወይም «ሾርባ» ማለት አያስፈልግም፣ «በሶ ብጥብጥ» ቢባል አንባቢያችን ወዲያው ይቀምሰዋል፤ አይቡና ወይኑ ደግሞ የእኛ አለመሆኑን ያስታውሱታል። ኦዲሴውስን ያዳነውን «ሞሊ» ግን በአገር ተክል መተካት አይገባም። ሥሩ ጥቁር፣ አበባው እንደ ወተት ነጭ መሆኑን ሆሜር ይናገራል፤ ሊቃውንትም ከአንድ በላይ ከሆኑ ተክሎች ጋር አዛምደውታል። «ጤና አዳም» ያለ ተርጓሚ ቢኖር ሽታው ቡና ቡና ብሎ ገጹን ያበላሽበታል። ደግሞም ሆሜር አማልክቱ «ሞሊ» ብለው እንደሚጠሩት ብቻ ይናገራል፣ የሰዎችን ስም አይሰጠንም፤ ለሟች ሰዎች መማሱ እንደሚከብዳቸው ግን ይጨምራል። ስለዚህ በአማርኛውም «ሞሊ» ተብሎ ይቀመጥ።