ልቡ ደህና ነው ከተባለ በኋላ

ፓኒክ ዲስኦርደር የምንለው ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ያለበት ሰው በመርሳ ከተማ ወደማክምበት ክፍል የሚደርሰው ዞሮ ዞሮ ነው። ወልድያ ሄዶ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነሥቷል፣ ደም ብዛቱ ተለክቷል፤ ጸበል ተጠምቋል ወይም ዱዓ ተደርጎለታል። ውጤቱ ደህና ነው፤ እሱ ግን ግራ ገብቶታል። ልቤ ጤነኛ ከሆነ ያ ሁሉ ምን ነበር?

«ምንም የለብህም» ማለት ሕክምናውን ሳይጀምሩት መዝጋት ነው። ልቡ በእርግጥ መትቷል፤ እጁን በእርግጥ ደንዝዞታል። ስለዚህ የሆነውን አስረዳዋለሁ። ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብና ትንፋሽ ይፈጥናሉ። ትንፋሽ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ያዞራል። ሰውየው ይህን የሞት ምልክት አድርጎ ሲወስደው ፍርሃቱ ይብሳል፣ ልቡም ይበልጥ ይመታል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፈው ስለዚሁ አዙሪት ነው። ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይበርዳል።

ከ2013 ክረምት እስከ 2014 ታኅሣሥ የሰሜኑ ጦርነት አካባቢያችንን ብዙ አስደንግጧል፤ ሁሉን በእሱ ማሳበብ ግን አልወድም። በዘር የሚወርድ ተጋላጭነት አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ጫት የሚደርብም አለ። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መብዛትና ደም ማነስም ልብ ስለሚያስመቱ አስቀድመው መታየት አለባቸው።

ፍሉኦክሴቲን የተባለው መድኃኒት ሲያስፈልግ በትንሹ እንጀምራለን፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መረበሹን ሊያባብስ ይችላል፣ ጥቅሙም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ይህ ቀድሞ ያልተነገረው ሰው መድኃኒቱን ይተዋል። ዲያዜፓም ቶሎ ያረጋጋል፤ ግን ሱስ ያስይዛል፣ ታማሚውም ያለ ኪኒን እንደማይተርፍ ያምናል።

እኔ አብልጬ የማምንበት ሥራ ሌላ ነው። የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም እርግዝና አለመኖሩን ካረጋገጥኩ በኋላ፣ አንድ ደቂቃ አብረን ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። ያ የሚፈራው መደንዘዝ ይመጣል። ዝም ብለን እንጠብቀዋለን፤ ይሄዳል። ሌላ ቀን እንደግመዋለን። ቀጥሎ በፍርሃት የሚሸሻቸውን ቦታዎች ይለማመዳል፦ መጀመሪያ ገበያ፣ ከዚያ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ፣ ለብቻ።

ከቤተሰብ ጋር የምንከራከረው እዚህ ላይ ነው። «መንገድ ላይ ቢወድቅስ?» ይሉኛል እናቶች። «እናቴ፣ እርስዎ አብረውት በሄዱ ቁጥር ያለ እርስዎ እንደማይችል ነው የሚማረው» እላለሁ። ብዙዎቹ እስከ መናኸሪያ ሸኝተው ለመመለስ ይስማማሉ፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል።