የታሸገው ሰርቨር ለእኛ ክፍል ይበጃል ወይ?

በግምገማ ዓምድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መጽሐፍ ነው። ዛሬ የምንገመግመው ግን የኮምፒውተር መሣሪያ ነው፤ ይኸውም በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራው «ኢንጂን ኤክስ» የተባለው ዌብ ሰርቨር ነው። ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ባልደረቦች «ትምህርታችንን በአንድ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጠን፣ ተማሪዎቹ ያለ ኢንተርኔት በስልካቸው እንዲያነቡት ማድረግ ይቻላል ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። መቻሉስ ይቻላል። ጥያቄው በየትኛው መንገድ የሚለው ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ዌብ ሰርቨር ገጽ ሲጠየቅ የሚያቀብል ፕሮግራም ነው። ኢንጂን ኤክስን የጻፈው ኢጎር ሲሶየቭ የተባለ ሩሲያዊ ሲሆን፣ ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዶከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ መሣሪያ ሲሆን፣ ሥራው አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አሽጎ ማስነሳት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ዳር የምናውቀውን የኮንቴይነር ሱቅ አስቡት። ከነመደርደሪያው ተጭኖ ሌላ ሰፈር ቢቀመጥ ያው ሱቅ ነው፤ በር ካልተከፈተለት ግን ማንም አይገዛበትም። እዚህ ላይ በሩ ፖርት የሚባለው ቁጥር ነው፤ ከውስጥ 80፣ ከውጭ ለምሳሌ 8080። የታሸገው ዕቃ «ኢሜጅ» ይባላል፤ ከዚያ ተነሥቶ የሚሠራው ኮንቴይነሩ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናውን እንናገር። አንድ ላፕቶፕ ለብዙ መምህራን በሚያገለግልበት ቦታ ኮንቴይነሩ የሌላውን ሰው ሥራ አይነካም፤ ካልተፈለገ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩም እንደነበረ ይቀራል። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። «ዶከር ሴቭ» በሚለው ትእዛዝ ኢሜጁን አንድ ፋይል አድርጎ በፍላሽ መያዝ ይቻላል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ «ዶከር ሎድ» ሲባል ያለ ምንም ኢንተርኔት ይጫናል።

የሚነሣ ነገር ምን ዋጋ እንዳለው ለእኛ ማን ይነግረናል? ካርቱም አርካዊት ውስጥ የማታ ክፍል የምናስተምር መምህራን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) ጦርነቱ ሲጀመር ተበታተንን። ግማሹ በመተማ በኩል አገር ቤት ገባ፤ ግማሹ ወደ ገዳሪፍ ሄደ። ሰው የያዘው በእጁ ሊያነሣ የቻለውን ብቻ ነው። የትምህርት ማስታወሻችን አብዛኛው ኢንተርኔት ላይ ነበርና «እሱስ አይጠፋም» ብለን ነበር። እውነትም አልጠፋም። ነገር ግን በጥር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024) የሱዳን ዋና ዋና የስልክ ኔትወርኮች ሲቋረጡ፣ ያልጠፋው ትምህርት እንደሌለ ሆነ። በአማራ ክልልም ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የማያስታውስ የለም።

እንግዲህ ወደ ነቀፌታው እንግባ።

አንደኛ፣ ስለዚህ መሣሪያ የሚጻፈው ትምህርት ሁሉ ማለት ይቻላል «ይህን አንድ መስመር ጻፍ፣ ኢሜጁ ከኢንተርኔት ይወርድልሃል» ብሎ ይጀምራል። ኢንተርኔቱ ከሌለስ? ቢኖርስ? ዶከር የአሜሪካ ኩባንያ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2024 በኢሜጅ ማከማቻው ላይ በታየው ማስታወቂያ፣ የአሜሪካን የወጪ ንግድ ሕግ ጠቅሶ ከኩባ፣ ከኢራን፣ ከሰሜን ኮሪያ፣ ከክራይሚያ፣ ከሱዳንና ከሶርያ የሚመጡ አድራሻዎችን እንደሚዘጋ ገልጾ ነበር። በሱዳን ላይ የነበረው አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ እ.ኤ.አ. በ2017 ተነሥቶ፣ አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ከሽብር ደጋፊዎች ዝርዝር ወጥታ ሳለ ማለት ነው። ስለዚህ ለእኛ የመጀመሪያው ትምህርት ማውረድ ሳይሆን ከፍላሽ መጫን መሆን ነበረበት። የመማሪያ ጽሑፎቹ ግን ይህን መንገድ ወይ ጭራሽ አያነሡትም፣ ወይ መጨረሻ ላይ ይወረውሩታል።

ሁለተኛ፣ አንዱ መስመር ትእዛዝ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ገጽ ያሳይና ተማሪው ሰርቨር የሠራ ይመስለዋል። ከዚያ ወደ ኮንቴይነሩ ገብቶ ፋይል ያስተካክላል። ኮንቴይነሩ በተሰረዘ ቀን ያስተካከለው ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የትምህርቱ ፎልደርና የማዋቀሪያው ፋይል ከውጭ ይቀመጡና፣ ኮንቴይነሩ ሲነሣ «ለንባብ ብቻ» ተብለው ይያያዙለታል። ይህ የሥራው ዋና አካል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም።

ሦስተኛው በተለይ እኛን ይመለከታል። ኢንጂን ኤክስ ካልተነገረው በቀር ገጹ በምን ዓይነት የፊደል ኮድ እንደተጻፈ ለስልኩ አይናገርም። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ችግር አይገጥመው ይሆናል። አንድ መምህር በተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀመጠው የአማርኛ ማስታወሻ ግን ስልኩ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ተማሪው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል እኮ፤ ፋይሉ ደህና ነው። ማዋቀሪያው ላይ «ቻርሴት ዩቲኤፍ-8» የሚል አንድ መስመር ሲጨመር ፊደላችን ይመለሳል። የሚገርመው፣ ከኢንጂን ኤክስ ጋር አብሮ ሲመጣ በኖረው የማዋቀሪያ ናሙና ውስጥ የሩሲያ ፊደል ኮድ በአስተያየት መልክ ተጽፎ ይገኝ ነበር። ሰውየው የራሱን ፊደል አልረሳም፤ የእኛን ማስታወስ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።

አራተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ፖርት ሲከፈት ዶከር በሩን የሚከፍተው ኮምፒውተሩ ለተገናኘበት ኔትወርክ ሁሉ ነው። ኡቡንቱ ላይ «ዩኤፍደብሊው» የሚባለውን መከላከያ ያቆመ ሰው ተጠብቄያለሁ ብሎ ይተኛል፤ ዶከር ግን በእሱ ጎን አልፎ ይከፍታል። ታዲያ በዚያው ፎልደር የተማሪዎች ስም ዝርዝር ተቀምጦ ከሆነስ? የስደተኛ ልጅ ስም፣ የመጣበት ቦታና የቤተሰቡ ሁኔታ ለማንም የሚታይ ነገር አይደለም። ስለዚህ ፖርቱ ከክፍሉ ዋይፋይ አድራሻ ጋር ብቻ ይታሰር፤ የሚያያዘውም ፎልደር ትምህርት ብቻ ይኑርበት። የስም ዝርዝር እዚያ ምን ይሠራል?

ከእነዚህ ያነሱ ጉድለቶችም አሉ። የጎብኚዎች መዝገብ ልክ ካልተወሰነለት እያደገ ሄዶ የአሮጌ ላፕቶፕን ዲስክ ይሞላል። «ሌተስት» ተብሎ የሚወርደው ኢሜጅ ዛሬ አንድ፣ ከወራት በኋላ ሌላ ነው፤ የስሪቱን ቁጥር ጽፎ መያዝ ይሻላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮንቴይነሩ ራሱ እንዲነሣም አስቀድሞ መታዘዝ አለበት።

ፍርዴን ላስቀምጥ። በእርዳታ የመጣው ኮምፒውተር 32 ቢት የሆነ አሮጌ ከሆነ ዶከርን እርሱት፤ ሊኑክስ ላይ ኢንጂን ኤክስን በቀጥታ መጫን ይበቃል። አንድ ቋሚ ኮምፒውተር ብቻ ላለውም ትርፉ ትንሽ ነው። ክፍሉ የሚንቀሳቀስ፣ መምህሩ የሚቀያየር፣ ላፕቶፑ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ከሆነ ግን የታሸገው ሰርቨር በእርግጥ ይበጃል። ለኢንቴል ላፕቶፕ የተዘጋጀ ኢሜጅ ራስበሪ ፓይ ላይ እንደማይነሣ ግን አትዘንጉ፤ ለእሱ የራሱ ኢሜጅ ይያዝለት።

ሆኖም እሽጉ ብቻውን ሰርቨር አይደለም። ኢሜጁን ዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ይይዘዋል፤ የእኛን ክፍል የእኛ የሚያደርጉት የማዋቀሪያው ፋይልና ትምህርቱ ናቸው። ሦስቱ በአንድ ፍላሽ ላይ፣ የማስነሻው ትእዛዝም በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይቀመጥ። ፈተናውም ይህ ይሁን፤ ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ ፍላሹን ሥራውን ላልሠራው መምህር ስጡት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያስነሣው። የአማርኛው ገጽ በተማሪው ስልክ ላይ በትክክል ከተነበበ አልፏል። ካልተነበበ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ ነውና፣ ያ ሰው በሄደ ቀን አብሮት ይሄዳል።

በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።