«ንክኪ አልባ» ስለሚለው ስያሜ

«ንክኪ አልባ የንክኪ ስሜት» የሚለውን ስያሜ የምንነቅፈው ለጆሮ ስለሚከብድ ብቻ አይደለም፤ ነገሩን ስለሚያስት ነው። ስያሜው የድምፅ ሞገድ በባዶ እጅ ላይ የሚያሳድረውን ስሜት ለመግለጽ የታሰበ ነው። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008፣ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸውም በ2013 እንዳሳዩት፣ በርካታ ትናንሽ ድምፅ አመንጪዎች በሴኮንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ይለቃሉ። የእያንዳንዱ መነሻ ጊዜ ተለክቶ ስለሚለያይ ሞገዶቹ በአየር ላይ በአንድ ነጥብ ይጠራቀማሉ፤ በዚያም ቆዳን በጥቂቱ ይገፋሉ። ግፊቱ በሴኮንድ 200 ጊዜ ያህል ሲፈራረቅ ቆዳ ይለየዋል። እንግዲህ ንክኪ አለ፤ የሌለው ጠጣር አካል ነው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ የተለመደው የግንባር ሙቀት መለኪያ «ንክኪ አልባ» መባሉ ተገቢ ነበር፤ ከሰውነት የሚወጣውን ጨረር ይቀበላል እንጂ አይገፋምና። የመሣሪያ መመሪያ ተርጓሚ ሁለቱን በአንድ ስም ቢጠራ፣ አንባቢው ሰውነቱን ምንም አይነካውም ብሎ ያምናል።

«ልዕለ ድምፅ» የሚለውም አይበጅም፤ ከድምፅ ፈጥኖ የሚበር አውሮፕላንን ያስታውሳልና። እዚህ የሚልቀው ድግግሞሹ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። «አልትራሳውንድ» ብቻ ብለን ብንተወውስ? በነቀምት፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ «አልትራሳውንድ ታየሁ» የምትል እናት የምትናገረው ስለ ፅንስ ምርመራ ነው። ቃሉ ከሞገዱ ስም ወደ ምርመራው ስም ጠብቧል፤ «ሞገድ» የሚለውን ካላስከተልንበት አንባቢው ሐኪም ቤት ይደርሳል።

የተሻለው መንገድ ከቋንቋው ውስጥ ይገኛል። «ስሜት» የሚወጣው «ሰማ» ከሚለው ግስ ነው፤ «ድምፅ ተሰማኝ» የሚል ሰው «ሕመም ተሰማኝ» ይላል። በወለጋ ከተሞች የሚነገረው ኦሮምኛም መስማትን «ዸገኡ» ብሎ፣ ለሕመም «ነቲ ዸገአመ» ይላል። ጆሮና ቆዳ በሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ግስ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ካዘጋጁ በኋላ ነቀምት ላይ ያስተማሩት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖም ቃል የፈለጉት ከተናጋሪው አፍ ነበር።

ስለዚህ ለስልቱ «የአልትራሳውንድ ሞገድ ንክኪ»፣ በእጅ ላይ ለሚታወቀው «የንክኪ ስሜት» እንዲባል እናሳስባለን። «ዳሰሳ»ን የተውነው «የዳሰሳ ጥናት» ስለቀደመው ነው።