ከተከላ ማግሥት

በአደባባይ የምንሠራ የቴአትር፣ የሰርከስና የሙዚቃ ሰዎች ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ስንጠየቅ ቀድሞ ትዝ የሚለን የተከላ ቀን ነው። ሐምሌ፣ ጭቃ፣ ችግኝ ያቀፉ ልጆች፣ ከበሮ። ለባለሙያ ይመቻል፤ በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን ያልቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት ሲያስታውቅ፣ ቀኑ ራሱ ተማሪው፣ ገበሬውና ሹሙ አብረው የተወኑበት አገር አቀፍ ትዕይንት ሆኖ ነበር። ችግኝ ግን በሐምሌ አይሞትም። በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ደጋ የሚሞተው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመታው፣ በልጉ ሲቀር፣ ፍየል ሲገባበት፣ አጥሩ ለማገዶ ሲነቀል ነው። ያን ጊዜ ከበሮም ካሜራም የለም። ሙያችን ለምድር የሚበጅ ነገር ካለው፣ ለዚህ ረጅምና አሰልቺ የጥበቃ ወራት ተመልካች ማቆም ነው ብዬ አምናለሁ። ተከላውን ማድመቅ ቀላሉ ክፍል ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከአንኮበር በስተ ሰሜን፣ በመንዝ ጓሳ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ነበረ። አስቦና ጌራ የሚባሉት የአካባቢው ወገኖች ተወላጆች ጥበቃውን የሚመራ አባ ቄራ ይመርጡ ነበር፤ አካባቢው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ላይ ለሕዝብ ይነገር ነበር። ጓሳ የተባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን የኑሮ ዕቃ ስለሆነ ቀኑን ሁሉም ይጠብቅ ነበር፤ ቀድሞ የገባውንም ሁሉም ያውቀው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቄሮው ሥልጣን ወደቀ፤ ግጦሹና አጨዳው ልጓም አጣ። በኋላ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ እንደገና አቋቋመ፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው። እኔን እንደ ባለሙያ የሚያስደንቀኝ ቄሮው በተዳከመባቸው ዓመታት ሰዉም ሣሩም ሃይማኖቱም ያው እንደነበሩ ነው። የጎደለው በሕዝብ ፊት የሚነገረው ቀንና ያን ቀን የሚያስከብረው አካል ነበር። ጓሳን ያቆየው ቅጣትና ባዕድን ማግለል ነው እንጂ አዋጅ ማሰማት አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። ከፊሉን እቀበላለሁ፤ ቄሮው የተወላጆች መብት ነበር፣ ቅጣትም ነበረው። ነገር ግን ቅጣት የሚሠራው ጥፋቱ ጥፋት መሆኑን ሁሉም አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። ትዕይንት ሕግን አይተካም። ሕጉን ከሰነድ አውጥቶ በጎረቤት ዓይን ውስጥ ማኖር ግን ይችላል።

መሣሪያውም በእጃችን አለ። ፉከራ በአፈጣጠሩ ሒሳብ ማወራረጃ ነው፤ ፎካሪው የሠራውን የሚቆጥረው ሥራውን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ቆሞ ነው፤ ያልሠራውን ቢጨምር እዚያው ያፍራል። የአዝማሪው «ተቀበል» ደግሞ ግጥሙን ከታዳሚው አፍ ያስወጣል፤ በሁለት ስንኝ የሰፈሩን ምንጭ ያነሳ ሰው ነገሩን እኔ አልሰማሁም ሊል አይችልም። ደቦና ወንፈል የየራሳቸው ዜማ አላቸው። እነዚህን ትተን ባነር ሰቅለን፣ በድምፅ ማጉያ ምክር ስናነብ ታዳሚውን ወደ ተማሪነት እናወርደዋለን። የአንኮበር ገበሬ አፈር እንደሚታጠብ እኛ እንድንነግረው አይጠብቅም፤ ገደሉ ሥር ነው የሚያርሰው።

ከሌላው ዓለም ሁለት ሥራዎችን ባስተያይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በፓሪስ የአየር ንብረት ጉባኤ ወቅት አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰን ከግሪንላንድ የመጡ 12 የበረዶ ግግሮችን አደባባይ ላይ አስቀምጦ እንዲቀልጡ ተዋቸው። ሰው ዳሰሳቸው፣ አዘነ፣ ሄደ። ውብ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ የሚያስተላልፈው ግን ሐዘን ብቻ ነው፣ ለነገ የሚቀር ተግባር አልሰጠም። አርቲስቱ ዮሴፍ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1982 በጀርመኗ ካሰል ከተማ ያደረገው ሌላ ነው። ከአንድ ሙዚየም ፊት ለፊት 7,000 የባዛልት ድንጋዮች ከመረ፤ አንድ ዛፍ ሲተከል አንድ ድንጋይ ከክምሩ ተነሥቶ ከዛፉ ጎን ይቆማል። ክምሩ እስኪያልቅ አምስት ዓመት ፈጀ፤ እርሱ በ1986 ሞተ፣ የመጨረሻው ዛፍ በ1987 ተተከለ። ከተማዋ ያልተከፈለ ዕዳዋን በየቀኑ እያየች ታልፍ ነበር። የኛም አገር ምሳሌ አለ፤ የቀን ቅኝት የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ከ250 በሚበልጡ ክፍሎች ሲተላለፍ፣ በመጨረሻ የተደረገው ዳሰሳ አድማጮቹ ካላደመጡት በብዙ እጥፍ ለኤች አይ ቪ ምርመራ መሄዳቸውን አሳይቷል። ቀድሞውኑ የሚያስብ ሰው ነው ድራማ የሚያደምጠው ሊባል ይቻላል፤ እውነትነትም አለው። ቢሆንም በአንድ ምሽት ያልመጣ ለውጥ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሰዉ ገጸ ባሕርያቱን ለሁለት ዓመት ተኩል ሲስቱና ሲመለሱ ተከታትሏቸዋል። ጋሽ አበራ ሞላ በሚል ስም የምናውቀው ስለሺ ደምሴም በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ክራሩን ይዞ ለጽዳት ሲነሣ ጉልበቱ ዘፈኑ ብቻ አልነበረም። ቆሻሻ መጣያውን ያጸዳው የሰፈር ወጣት ነገም በዚያው ያልፋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የድህነቱ ነው። በዚህ ደጋ ኩበት ለእሳት እንጂ ለማሳ አይተርፍም፤ ባሕር ዛፍ የገበሬው የክፉ ቀን ገንዘብ ነው፤ ጭላዳ ከገደል ወጥቶ ገብሱን ይበላል። ዘፋኝ መጥቶ «ውደዱት» ቢለው ምን ይሰማዋል? ጥያቄው ትክክል ስለሆነ መልሱም በሥራችን ቅርጽ ውስጥ መግባት አለበት። ጭላዳን የሚያሞግስ ትዕይንት ከሆነ ገብስ ጠባቂው እረኛም ይናገርበት፤ የጠፋውን ገብስ ማን ይካስ የሚለው ክርክር በመድረኩ ላይ ሳይፈታ ይቀጥል። ጥበብ አገልጋይ ሆነ የሚለው የሙያ ጓደኞቼ ቅሬታም የሚነሣው ትዕይንቱ መልሱን አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። ሁለቱ ወገኖች እኩል የሚናገሩበት ሥራ የማንም አገልጋይ አይሆንም።

ለአንኮበር የማስበው ታዲያ የሦስት ጊዜ ሥራ ነው። ከጎረቤላ ገበያ ይነሣ። በሐምሌ ይጀመር፤ ሰው ተሰብስቦ በሚውልበት በጥምቀት ሰሞን ይመለስ፤ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ይደገም። ወፍ ዋሻ ጽድና ዝግባ ያለበት፣ በቅርብ የሚገኝ ደን ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለመናገሻ ሱባ ዘር ያስወሰዱት ከዚሁ እንደሆነ ይነገራል፤ በገደሉ አፋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሳይንስ የታወቀችውና በዓለም የወፍ መጻሕፍት የአንኮበርን ስም የያዘችው ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ጨዋታው በእነዚህ ሊሞላ ይችላል። ዋናው ግን ቆጠራው ነው፦ ከሐምሌው ስንት ጸደቀ? ፎካሪው ይህን በገበያ መካከል ይናገር። ሰውን የማዋረድ አደጋ ስላለው ቁጥሩ በቦታ ስም እንጂ በግለሰብ ስም መጠራት የለበትም፤ የደረቀበት ሰፈርም ምክንያቱን በራሱ አንደበት ይናገር፣ ውርጭም ይሁን ፍየል። የጥበብ በጀት ዛሬ የሚመደበው ለአንድ ቀን ዝግጅት ነው። ከመድረክ ጌጥና ከቲሸርት ተቀንሶ ለጥርና ለግንቦት ጉዞ ይቀመጥ፤ ገንዘብ ሰጪው ሪፖርቱን ከተከላው በኋላ ባለው ግንቦት እንዲቀበል ከውሉ ጀምሮ ይስማማ።