በአልበም የማይለካ ዕድገት፦ የጅቡቲ ሬዲዮ ባንድና የሙዚቃ ታሪክ አጻጻፍ

የአንድን ባንድ ዕድገት ለመመርመር ሐያሲ ዘወትር የሚከተለው መንገድ አልበሞቹን በየዓመታቸው ደርድሮ ማነጻጸር ነው። ፕሮግረሲቭ ሜታል የተባለው የሙዚቃ ስልት ለዚህ መንገድ እጅግ የተመቸ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በቦስተን የተመሠረተው ድሪም ቲያትር ከ1989 ጀምሮ ያወጣቸውን አልበሞች በተራ ያዳመጠ ሰው ለውጡን ደረጃ በደረጃ ሊከተል ይችላል። ይኸው መንገድ ጅቡቲ ከተማ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። ይህ አጭር ጽሑፍ የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ የሆነውን ግሩፕ ኤር ቴ ዴን ምሳሌ አድርጎ የመሰናከሉን ምክንያት ይመረምራል።

የባንዱ ሥራ ለዓለም አቀፍ አድማጭ በአልበም የቀረበው በ2020 ነው። ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ በ2019 ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ይዞ ወደ ከተማዋ ገባ፤ ቀረጻውም በሦስት ቀን ተጠናቀቀ። ለአልበሙ የተሰጠው ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጨፋሪዎቹ የጅቡቲ ሰይጣናት» ማለት ነው። ርእሱ ገበያ ይስባል፤ ነገር ግን በቀን ለመንግሥት ሥነ ሥርዓት የሚጫወቱ ደመወዝተኛ ባለሙያዎችን ከየት እንደመጡ እንደማይታወቅ እንግዳ ፍጡሮች ያስቆጥራል። ባንዱን በአልበም ብንለካው በሦስት ቀን ተወልዶ ያደገ ይመስላል።

ዕድገቱ ያለው በእያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ በተደራረበው ድምፅ ነው። ከሥር ያለው የሶማሌው ዳንቶ ነው፤ ጊታሩ ደካማውን ምት እየመታ ሲሄድ ሬጌን ያስታውሳል፣ ምቱ ግን ለአገሩ ባዳ አይደለም። የሞሐመድ አብዲ አልቶ ሳክስፎን የአሜሪካን ጃዝ ትዝታ ያመጣል። ከሞቃዲሾ የመጣው ጊታሪስት ካጃ የሌላይቱን የሶማሌ ከተማ ልምድ ይጨምራል። የወጣቷ አስማ ዑመር አዚያዜም ከሕንድ ፊልም ዘፈኖች ጋር የቆየውን የወደብ ከተማ ትውውቅ ያሳያል። ወጣቷን ከአንጋፋዎቹ ጋር ያቀናጀው የተቋሙ ቀጣይነት ነው፤ ስለዚህ የባንዱ ዕድሜ መቆጠር ያለበት ከአልበሙ ሳይሆን ከተቋሙ ነው።

ከአዲስ አበባ ጋር ማነጻጸሩ ነገሩን ያብራራል። በእኛም ዘንድ ዘመናዊው ሙዚቃ ያደገው በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በቴአትር ቤቶች ኦርኬስትራዎች ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ አምሃ እሸቴ በ1969 የግል ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ ያ ሸክላ ለኋለኛው ታሪክ ጸሐፊ መያዣ ሆነ። ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977) ነጻ ከወጣች በኋላ ግን ሙዚቃው በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ቆየ። ከአምስት ሺህ በላይ የሚሆኑ የቴፕ ክሮች በሬዲዮው ቤተ መዛግብት ውስጥ ተከማችተዋል። መንግሥት ሙዚቀኛውን ቀለበ፣ ክሩንም ጠበቀ፤ በዚያው መጠን ሥራውን ከውጭው አድማጭ ደጅ አስቀረው። ሁለቱም ነገሮች እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሚናገር ሂስ ጎዶሎ ነው።

ይህ መዘጋት ያስከተለው የታሪክ መዛባት በሌላ ባንድ ላይ በግልጽ ይታያል። «ካትር ማርስ» ስሙን ያገኘው የገዥው ፓርቲ ከተመሠረተበት ከማርች 4 ቀን 1979 ነው። ከቤተ መዛግብቱ የተመረጡ የቆዩ ቅጂዎቹ በአልበም የወጡት በ2021፣ ማለትም ከግሩፕ ኤር ቴ ዴ አልበም በኋላ ነው። የኅትመት ዓመትን ተከትሎ የሚጽፍ ሰው ታላቁን ታናሽ፣ ታናሹን ታላቅ ያደርጋል።

ሌላም ጉድለት አለ። ሁለቱ አልበሞች በዋናነት የሶማሊኛ ዘፈን ናቸው፤ የአገሪቱ ሬዲዮ ግን በአፋርኛም ይናገራል። በእነዚህ ሁለት አልበሞች ላይ ብቻ የተመሠረተ የጅቡቲ ሙዚቃ ታሪክ ቢጻፍ የአፋሩ ድምፅ ከውጭ ይቀራል። የ2020ው አልበም የባንዱን የሥነ ሥርዓት ሥራም አያሰማም፤ የምናውቀው ከባንዱ ሕይወት ግማሹን ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች አልበሙ መመስገን ያለበት ስለ ባንዱ አንድ ወቅት ምስክር በመሆኑ ነው። ለታሪኩ የሚያስፈልገው ክሮቹ በተቀረጹበት ቀን፣ በቋንቋቸው፣ በገጣሚያቸው፣ በዜማ ደራሲያቸውና በድምፃዊያቸው ስም ተለይተው መመዝገባቸው ነው። በሶማሊኛ ዘፈን ገጣሚው፣ ዜማ ሰጪውና ድምፃዊው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች በመሆናቸው፣ በድምፃዊ ስም ብቻ የሚደረግ ምዝገባ ሁለቱን ሠራተኞች ይሰርዛል። ቴፕም በሙቀትና በእርጥበት ይጎዳል፤ የጅቡቲ አየር ደግሞ ሁለቱንም አብዝቶ ይዟል። በ1917 የተጠናቀቀው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባንና ጅቡቲን ካገናኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአማርኛ የሚጻፈው የሙዚቃ ሂስ ግን በዚያ ሐዲድ ማዶ ያለውን ድምፅ ገና በወጉ አላዳመጠም፤ ማዳመጡ ክሮቹ ሳይጠፉ ቢጀመር ይበጃል።