ስለ ሰው ውጥንና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ፤ ያለ ቦታቸው በሚጠቀሱ ንባባት ላይ የተደረገ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዘመን በተለወጠ ቍጥር፥ ይልቁንም መስከረም በጠባ ጊዜ፥ ብዙ ምእመናን የሚመጣውን ዓመት አስበው ይህን እማራለሁ፥ ይህን እሠራለሁ፥ ወደዚህ አገር እሄዳለሁ እያሉ ውጥናቸውን በወረቀት መጻፍ ልማድ አድርገዋል። ልማዱ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ለባዊት ነፍስ ለሰው የተሰጠችው እንደ እንስሳ ከእግሩ ሥር ያለውን ብቻ እንዳያይ ነውና። ነገር ግን ይህን ልማድ በመጽሐፍ ቃል ሊያጸኑ የሚሹ አንዳንድ ሰባክያን፥ ሰው ውጥኑን ቢጽፍ፥ ዕለት ዕለትም ቢመለከተው፥ ከልቡም ቢያምንበት እግዚአብሔር ሳይፈጽምለት አይቀርም ብለው ያስተምራሉ። ለዚህ ትምህርት ምስክር የሚያደርጓቸው ንባባት ከሌሎቹ ይልቅ ሦስት ናቸው፤ ከመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 29 ቍጥር 18፥ ከትንቢተ ዕንባቆም ምዕራፍ 2 ቍጥር 2፥ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ቍጥር 28። ንባቡ በእውነት ይህን ይላልን? ምሥጢሩስ ይህን ይሸከማልን? ብሎ መመርመር ይገባል። ምርመራው ስለ ቃል ክርክር ብቻ አይደለም። በዚህ ትምህርት ተመርቶ የወጠነው ያልተፈጸመለት ሰው፥ ወይ እምነቴ ጐድሏል ወይ እግዚአብሔር ትቶኛል ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይርቃልና ነው።

መጀመሪያው ንባብ ራእይ የታጣበት ሕዝብ ልጓም እንደሌለው እንደሚሆን የሚናገረው የሰሎሞን ቃል ነው። ሰባክያኑ ራእይ ያሉትን ሰው ስለ ራሱ ኑሮ በልቡ የሚስለው አሳብ ነው ብለው ይፈቱታል። በዕብራይስጡ የቆመው ቃል ግን ሐዞን ይባላል፤ እርሱም ለነቢያት ከእግዚአብሔር ዘንድ የሚገለጠው ራእይ ነው፤ የኢሳይያስ መጽሐፍም የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው። ሕዝቡ መረን ይሆናል የሚያሰኘውም ግሥ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 32 ቍጥር 25 በጥጃው ፊት ስለ ዘፈኑት እስራኤል ከተነገረው ቃል ጋራ ሥሩ አንድ ነው። ሰብዓ ሊቃናት ወደ ጽርእ በመለሱት ጊዜ ደግሞ ለዓመፀኛ ሕዝብ ተርጓሚ እንደማይገኝለት አድርገው መለሱት። የቁጥሩም ፍጻሜ ብፁዕ የሚለው ሕግን የሚጠብቀውን እንጂ ውጥኑን የሚጠብቀውን አይደለም። ስለዚህ ንባቡ የሚለው፥ ቃለ እግዚአብሔርን የሚገልጥለት መምህር ያጣ ሕዝብ ልጓሙን እንደ በጠሰ ፈረስ ይሆናል ነው። በሲና ተራራ ሥር የሆነውንም አንባቢ ያስተውል። ጥጃውን የሠሩት ሰዎች ውጥን አልጐደላቸውም፤ ወርቁን ሰብስበው፥ አቅልጠው፥ በመሣሪያ ቀርጸው፥ የበዓሉንም ቀን ቈርጠው ነበር። የጐደላቸው ሕግ ነው። እንግዲህ ይህ ንባብ ውጥን ለሌለው ሰው የተነገረ ተግሣጽ ሳይሆን፥ ውጥን እያለው ሕግ ለሌለው ሰው የተነገረ ተግሣጽ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ንባብ ነቢዩ ዕንባቆም ራእዩን በጽላት ላይ ገልጦ እንዲጽፍ የታዘዘበት ነው። ከዚህ ተነሥተው ምኞትን መጻፍ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ነቢዩ የጻፈው የራሱን ምኞት አልነበረም። በምዕራፍ 1 ስለ ግፍና ስለ ከለዳውያን ጭካኔ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ በምዕራፍ 2 መጀመሪያ መልሱን ሊሰማ በመጠበቂያው ላይ ቆመ፤ የተጻፈውም የተሰጠው መልስ ነው። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ወዮታ ይወርዳል። ከወዮታዎቹ አንዱ ጎጆውን በከፍታ ላይ ለማድረግ ለቤቱ ክፉ ትርፍ በሚሰበስብ ሰው ላይ ነው፤ ሌላው ከተማን በደም በሚሠራ ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ ውጥን የነበራቸው ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ምዕራፉን ለውጥን ምስክር ሊያደርግ የሚወድ ሰው ከቍጥር 2 ብቻ ቈርጦ ሊሄድ አይገባውም፤ እስከ ቍጥር 12 ድረስ ሊያነብ ይገባዋል። የመጽሐፉንም ፍጻሜ ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጸሎተ ዕንባቆም ከጸሎተ ነቢያት ጋራ ከመዝሙረ ዳዊት ቀጥሎ ይጸለያልና። በዚያ ነቢዩ በለስ ባታብብ፥ ወይንም ባያፈራ፥ በጎችም ከበረት ቢጠፉ እንኳ በአምላኩ ደስ እንደሚለው ይናገራል። በጽላት ጻፍ የተባለው ሰው መጽሐፉን የፈጸመው ምኞቱ ደረሰለት ብሎ አይደለም፤ ሁሉ ቢታጣ እንኳ እግዚአብሔር አይታጣም ብሎ ነው።

ሦስተኛው ንባብ ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንደሚቈጥር የሚናገረው የጌታ ምሳሌ ነው። ሰባክያኑ በዚህ ላይ የሚሉት ከፊሉ እውነት ነው፤ ጌታ መሠረት ጥሎ መፈጸም ያቃተውን ሰው አላመሰገነውምና፤ ለሚያዩት መዘበቻ እንደሚሆን ተናገረ እንጂ። ነገር ግን ምሳሌ የሚፈታው ከፊቱና ከኋላው ባለው ቃል ነው። ከፊቱ በቍጥር 26ና 27 ከአባትና ከእናት፥ ከገዛ ነፍስም ይልቅ ጌታን ስለ ማስቀደም፥ መስቀልንም ስለ መሸከም ይናገራል። ከኋላው በቍጥር 33 ደግሞ ያለውን ሁሉ የማይተው ሰው ደቀ መዝሙር ሊሆን እንደማይችል ይደመድማል። እንግዲህ ግንብ ሠሪው የሚቈጥረው በእጁ ያለውን ነው፤ ደቀ መዝሙሩ የሚቈጥረው ግን ከእጁ የሚለቀውን ነው። አንድም ከምሳሌው ቀጥሎ አሥር ሺህ ይዞ ከሃያ ሺህ ጋራ ሊዋጋ የሚወጣ ንጉሥ ይነገራል፤ ይህ ንጉሥ ጥበበኛ የሚሰኘው ስላሸነፈ ሳይሆን፥ ኃይሉን አውቆ ገና በሩቅ ሳለ ዕርቅ ስለሚለምን ነው። ስለዚህ ምን አገኛለሁ ብሎ ብቻ የሚወጥን ሰው የጌታን ቍጥር ገና አልጀመረም፤ ምን እለቃለሁ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከዚህ በተቃራኒው ደግሞ የሚስቱ አሉ። እነዚህ ጌታ ስለ ነገ አትጨነቁ ማለቱን ይዘው፥ ማሰብም መወጠንም የእምነት ጕድለት ነው ይላሉ፤ እጃቸውን አጣጥፈው እግዚአብሔር ያውቃል ማለትን እንደ ጽድቅ ይቈጥሩታል። ጌታ የከለከለው ግን ጭንቀትን ነው፤ አሳብን አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አምስተኛው እጅ እንዲከማች መከረ፤ ይህም ምክር እርሱን ያሠሩትን ግብፃውያንንና የሸጡትን ወንድሞቹን ከረኃብ አዳነ። ቤተ ክርስቲያንም ራስዋ ያለ ውጥን አታስተምርም፤ ፊደል የቈጠረ ልጅ ወደ ንባብ፥ ከንባብ ወደ ዳዊት፥ ከዚያም ወደ ዜማና ወደ ቅኔ፥ ወደ መጻሕፍትም ትርጓሜ በተራ ይሻገራል፤ ደረጃውን ዘሎ የሄደ አይጸናም። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ትምህርት ጠንቶበት ከመምህሩ በሸሸ ጊዜ፥ ከዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው የወጣውን ትል አይቶ እንደ ተጽናና ይተረካል። ይህን ታሪክ ብዙዎች ትጋትን ብቻ ለማስተማር ይናገሩታል። ነገር ግን ያሬድ ትሉን ካየ በኋላ የገዛ ራሱን መንገድ አላወጣም፤ ወደ ሸሸው መምህር ተመልሶ ይቅርታ ለመነ። ትጋቱ የተባረከው በመታዘዝ ውስጥ ነው።

የሰው ውጥንና የእግዚአብሔር ፈቃድ እንዴት እንደሚገናኙ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የንጉሡ የዳዊት ታሪክ ነው። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 እንደ ተጻፈ፥ ዳዊት እርሱ በዝግባ ቤት ተቀምጦ ታቦተ እግዚአብሔር በመጋረጃ ውስጥ መኖሯ አሳዘነውና ቤተ መቅደስ ሊሠራ ወጠነ። ውጥኑ ለራሱ አልነበረም፤ ለእግዚአብሔር ክብር ነበር። ነቢዩ ናታንም በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ፥ እግዚአብሔር ከአንተ ጋራ ነው ብሎ አጸናው። በዚያች ሌሊት ግን ቃለ እግዚአብሔር ወደ ናታን መጣ፤ ቤቱን የሚሠራው ዳዊት ሳይሆን ልጁ እንደ ሆነ ተገለጠ። በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይገኛል። የመጀመሪያው ለሰባክያን ነው። እውነተኛው ነቢይ ናታን እንኳ መልካም የሚመስለውን አሳብ ሰምቶ ሳይጠይቅ ባረከ፤ በማግሥቱም ቃሉን ሊመልስ ግድ ሆነ፤ ሳያፍርም መለሰው። እንግዲህ የሰውን ውጥን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው እያለ የሚባርክ ሰባኪ ናታን በቀን የተናገረውን ይናገራል፤ በሌሊት የሰማውን ግን አልሰማም። ሁለተኛው ለምእመናን ነው። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 8 ቍጥር 18 ሰሎሞን እንደ መሰከረ፥ እግዚአብሔር የዳዊትን ውጥን ሲከለክል አሳቡን አልነቀፈውም፤ ይህን በልቡ በማሰቡ መልካም አድርጓል አለው። ሥራው ተከለከለ፤ አሳቡ ግን ተመሰገነ። ስለዚህ ያልተፈጸመ ሁሉ ያልተወደደ አይደለም።

ዳዊት ከተከለከለ በኋላ ያደረገው ደግሞ ከውጥኑ ይበልጣል። በ1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 22 እንደ ተነገረ አላኰረፈም፤ ድንጋይ ጠራቢዎችን ሰበሰበ፥ ብረትና ናስ፥ የዝግባም እንጨት አዘጋጀ፥ መቶ ሺህ መክሊት ወርቅና አንድ ሚሊዮን መክሊት ብር አከማቸ፤ ከዚያም ሁሉን ለሰሎሞን አስረከበ። በስሙ የማይጠራ ሥራ አዘጋጀ። የሰው ውጥን ለእግዚአብሔር ወይስ ለራሱ ስም እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሌላው ሊፈጽመው ሲመጣ መሣሪያውን ያቀብላል ወይስ ይሸሽጋል?

ቅዱስ ጳውሎስም እንዲሁ ውጥን ያለው ሐዋርያ ነበር። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 15 በሮሜ አልፎ ወደ እስጳንያ ሊሄድ እንዳሰበ ጻፈ። ሮሜ ደረሰ፤ ነገር ግን በእስር ደረሰ፤ የሐዋርያት ሥራም በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት እንደ ተቀመጠ ተናግሮ ያበቃል፤ ስለ እስጳንያ መንገድ አንድ ቃል አይጨምርም። አስቀድሞም በእስያ ቃሉን እንዳይናገር መንፈስ ቅዱስ ከለከለው፤ ወደ መቄዶንያ ተጠራ። ከጥቂት ዘመን በኋላ ግን በኤፌሶን ሁለት ዓመት አስተማረ፤ በእስያም የሚኖሩ ሁሉ ቃሉን ሰሙ። አንዱ በር ለጊዜው ተዘግቶ ኋላ ተከፈተ፤ ሌላው እርሱ ባላሰበው መንገድ ተከፈተ። ሐዋርያው ግን በሁለቱም ውስጥ ሲያስተምር ተገኘ።

ይህን ሁሉ በአጭር ቃል የሚሰበስበው ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 የተናገረው ነው። የነጋዴዎቹ ውጥን ምንም አልጐደለውም፤ ቀኑ ዛሬ ወይም ነገ ተብሏል፥ ከተማው ተመርጧል፥ ጊዜው አንድ ዓመት ተብሎ ተቈርጧል፥ ሥራው ንግድ፥ ፍጻሜው ትርፍ ነው። ዛሬም ባሕር ተሻግሮ ሀብት ለማግኘት የወላጆቹን በሬ አሽጦ ወይም የዘመዶቹን ገንዘብ ተበድሮ የሚነሣ ሰው ውጥን ከዚህ አይለይም። ያዕቆብ የነቀፈው መሄዳቸውን አይደለም፥ መነገዳቸውንም አይደለም፤ ሕይወታቸው እንደ እንፋሎት ሳለች የገዛ ገንዘባቸው እንደ ሆነች መናገራቸውን ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ማለትም በአፍ ላይ የሚለጠፍ ልማድ እንዳይሆን ምዕራፉን የፈጸመው በጎ ነገር ማድረግን አውቆ የማያደርገው ኃጢአት እንደሚሆንበት በመናገር ነው። ስለዚህ ይህ ቃል የሰነፍ መሸሸጊያ ሊሆን አይችልም፤ ነገ የማን እንደ ሆነ ይናገራል፥ የዛሬንም ሥራ ይጠይቃል።

እንግዲህ ክርስቲያን ይወጥን፤ ቢወድም ይጻፈው። ነገር ግን ከጻፈው አጠገብ ሦስት ጥያቄ ያኑር። ይህ ውጥን ሕግን ሳይጥስ ይፈጸማልን? ስለዚህ ውጥን የምለቀው ምንድር ነው፤ የምለቀውስ የእኔ ነው ወይስ የባልንጀራዬ እንጀራ? ቢከለከልስ እንደ ዳዊት ለሌላው ላዘጋጅ እችላለሁን? እነዚህን የመለሰ ሰው ውጥኑ ቢፈጸምለት አይታበይም፤ ባይፈጸምለትም እግዚአብሔር ትቶኛል አይልም። መስከረም አልፎ ዓመቱ ሲያልቅ የጻፈውን አንሥቶ ያልተፈጸመውን ሲያገኝ እንዲህ ይረዳ፤ የእግዚአብሔር ፍቅር በዚያ ወረቀት አይለካም። የዳዊት ቤተ መቅደስ በዳዊት እጅ አልተሠራም፤ ዳዊትም ከእግዚአብሔር ልብ አልወጣም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።